ከባሕር ዛፍ ወዲያ

አውስትራሊያ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ካንጋሩን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ከካንጋሩ በፊት ሊታወሰው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ባሕር ዛፍ። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲሲቱ መዲና ማገዶ አልቆባት ልትፈታ ተቃርባ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት ከባሕር ማዶ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ የመጣበትን ይናገራል። ዛሬም እኔ ከምኖርበት ከለቡ መብራት ኃይል ሆኖ ወደ ፉሪ ተራራ ቀና ያለ ሰው ባሕር ዛፍ ያያል። በግንዱ ቤት ሠርተናል፤ በቅጠሉ እንጀራ ጋግረናል፤ ጉንፋን ሲይዘንም ታጥነንበታል።

የስፖርት ወዳጅ ደግሞ ሌላ ይጨምራል። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። በ1993 ዓ.ም. መባቻ በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰች ልዩነት ቀድሞ ሲገባ ያልጮኸ ኢትዮጵያዊ የነበረ አይመስለኝም። እንግዲህ ዛፋቸውን ተክለናል፤ በሜዳቸው ሮጠናል። ሙዚቃቸውንስ ሰምተናል ወይ?

«ምን ሙዚቃ አላቸው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያ አንባቢ ሳያውቀው ሰምቷቸዋል። በወጣትነቱ የቢ ጂስን ዘፈን ተከትሎ የጨፈረ ሰው ወንድማማቾቹ በቢ ጂስ ስም መዝፈን የጀመሩት በአውስትራሊያ መሆኑ ላይነገረው ይችላል። የ‹ኤሲ ዲሲ›ን ጊታር ከፍ አድርጎ የሚከፍት ልጅም ባንዱ በ1973 በሲድኒ እንደተቋቋመ ላያውቅ ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተከተላቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) እኔን ግን ወደ አውስትራሊያ ሙዚቃ ያደረሰኝ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። መንገዴ የጀመረው ከባሕር ዳር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል፣ የአፍሪካ ካሴቶችን እየለቀመ እንደገና የሚያሳትም አሜሪካዊ አለ። ይህ ሰው ባሕር ዳር መጥቶ ካሴት ሲያገላብጥ የኃይሉ መርጊያን ሥራ አገኘ። ካሴቱ በ1985 በአሜሪካ የተቀረጸ ነበር። ኃይሉ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ድምፅ የሚያወጣውን ማሽን ይዞ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን የሠራው ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ይኸው ሰው በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው። በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሾፌር ሆነ። በደለስ አውሮፕላን ጣቢያ ተራውን እየጠበቀ፣ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ጣቶቹን ያፍታታ ነበር። አሜሪካዊው አፈላልጎ ደወለለት፤ ካሴቱም በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉም ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ።

ታዲያ መድረክ ብቻውን አይወጣም፤ አጃቢ ያስፈልገዋል። በ2018 በወጣው «ላላ በሉ» በተሰኘው አልበሙ ላይ ከበሮውን የመታው ቶኒ ባክ ነው፤ ቤዙን የተጫወተው ማይክ ማይኮቭስኪ ነው። ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው። አልበሙን ስሰማ በቅድሚያ ጆሮዬን የያዘው፣ እንደማንኛውም ሰው፣ የኃይሉ ጣት ነበር። ደጋግሜ ስሰማው ግን ከበሮው አሳሰበኝ። ምቱ የእኛ ነው፤ አመታቱ ግን የእኛ አይደለም። ዜማውን አይገፋውም፣ አይጎትተውምም፤ ጎን ለጎን ይሄዳል። ይህ ሰው ማነው ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ቶኒ ባክ በ1987 በሲድኒ ከተቋቋመው «ዘ ኔክስ» ከሚባለው ቡድን ሦስት አባላት አንዱ ነው። ፒያኖ፣ ቤዝና ከበሮ ብቻ ናቸው። መድረክ ላይ ሲወጡ ምን እንደሚጫወቱ አስቀድመው አይነጋገሩም። አንዱ አንድ ድምፅ ይጀምራል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል፤ አንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ይቀጥላሉ። ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አድማጩ መቼ እንደተለወጠ አያውቅም። መጀመሪያ ለሰማው ሰው «መቼ ነው የሚጀምሩት?» ያሰኛል። የበገና ድርደራ የለመደ ጆሮ ግን እምብዛም የሚቸገር አይመስለኝም። አንድ አውታር ተደጋግሞ ሲመታ ሰው ወደ ውስጡ እንዴት እንደሚመለስ በዐቢይ ጾም ምሽት የሰማ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲያ እየተከተልኩ ሄድኩ። እግረ መንገዴንም ባሕር ዛፉን መልሼ አገኘሁት። በሰሜን አውስትራሊያ በአርነም ላንድ የሚኖሩት የዮልኙ ሰዎች «ይዳኪ» የሚሉት፣ በሌላው ዓለም ዲጀሪዱ እየተባለ የሚታወቅ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው። የሚሠራው ምስጥ ውስጡን በልቶ ከቦረቦረው የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ባለሙያው ጫካ ገብቶ ግንዱን እያንኳኳ ባዶ መሆኑን በድምፁ ይለያል። ለእኛ ምስጥ የበላው ዛፍ ለማገዶም አይሆንም፤ ለእነሱ ግን ሙዚቃ የሚጀምረው ምስጥ ሥራውን ከጨረሰበት ነው።

ይህን መሣሪያ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አዋሕዶ በመላ አገሪቱ ያሰማው ዮቱ ዪንዲ የተባለው ባንድ ነው። በ1991 የወጣው «ትሪቲ» የተሰኘ ዘፈናቸው ያስጨፍራል፤ ነገር ግን የሙግት ዘፈን ነው። በ1988 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ከነባሮቹ ሕዝቦች ጋር ውል እንደሚፈራረሙ ቃል ገብተው ነበር። ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀር ባንዱ በዜማ ጠየቃቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1990፣ አርቺ ሮች ሌላ ዓይነት ዘፈን አውጥቶ ነበር። ጊታር ይዞ፣ በዝግታ፣ በመንግሥት ፖሊሲ ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ የተወሰዱትን የነባር ሕዝቦች ልጆች ታሪክ ይተርካል። ራሱ ከተወሰዱት አንዱ ነበር። በ2022 አረፈ። እንዲህ ያለው ዘፈን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በደልን በዜማ ማስታወስን ከአዝማሪዎቻችን እናውቀዋለን።

ጉሩሙል የሚባለው ድምፃዊ ደግሞ ሲወለድም ዓይነ ስውር ነበር። ግራኝ በመሆኑ ለቀኝ እጅ የተወጠረውን ጊታር ገልብጦ ይጫወት ነበር። የሚዘፍነው በአብዛኛው በገዛ ቋንቋው ነው፤ ቋንቋው ደግሞ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚናገረው ነው። በ2008 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፤ በ2017 ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የመጨረሻ አልበሙ በአገሪቱ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተዘፈነ አልበም እዚያ ደረጃ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። በሮክ፣ በጃዝ፣ በነባሩ ዜማና በጊታር ትረካ ይህን ያህል ልዩ ልዩ ነገር ያላት አገር ሙዚቃዋን ከገዛ ሕዝቧ ጆሮ ያደረሰችው እንዴት ነው? አገሪቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ናት፤ የአሜሪካና የእንግሊዝ ዘፈን በየቀኑ እንደ ጎርፍ ይገባባታል። የራሷ ሙዚቃ በጎርፉ ተጠርጎ ሊቀር ይችል ነበር።

መልሱን ስፈልግ ሦስት ዓመታት አገኘሁ፤ 1942፣ 1975 እና 1995። በ1942 የወጣው የአውስትራሊያ የብሮድካስት ሕግ ጣቢያዎች ለሙዚቃ ከሚሰጡት ጊዜ ቢያንስ 2.5 በመቶው ለአውስትራሊያውያን የሙዚቃ ደራሲያን ሥራ እንዲውል አዘዘ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በር ነው። በኋላ እየሰፋ ሄደ። በጥር 1975 ደግሞ በመንግሥቱ የሬድዮ ድርጅት ሥር «ደብል ጄ» የተባለ የወጣቶች ጣቢያ በሲድኒ ተከፈተ። ሥራ የጀመረው የንግድ ጣቢያዎች አናሰማም ያሉትን የአገር ውስጥ ባንድ ዘፈን በማሰማት ነበር። ይህ ጣቢያ በኋላ «ትሪፕል ጄ» ተብሎ በመላ አገሪቱ ተዳረሰ። በ1995 ደግሞ ጣቢያው «አንኧርዝድ» የሚባል ውድድር ጀመረ፤ «ተቆፍሮ የወጣ» እንደማለት ነው። ከየገጠር ከተማው ማንም የማያውቃቸው ልጆች ቅጂያቸውን እንዲልኩ ጋበዘ። ከመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች አንዱ የነበረው ግሪንስፑን የተባለ ባንድ ሊስሞር ከምትባል የክፍለ ሀገር ከተማ የመጣ ነው። በኋላ በአገሩ ከታወቁት የሮክ ባንዶች አንዱ ሆነ።

እነዚህን ዓመታት ከእኛ ዓመታት ጎን ሳስቀምጣቸው ነው ነገሩ የከነከነኝ።

በ1948 በአገራችን የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በወረራው ዋዜማ የተመሠረተ ባለውለታ ነው፤ ስንቱን ድምፃዊ ለመድረክ አብቅቷል። ለሸክላው ጉዳይ ግን ብቸኛ በር ጠባቂ ሆነ። በስድሳዎቹ ዓመታት ማብቂያ አዲስ አበባ የጦር ሠራዊቱ፣ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊስ ሠራዊቱ ኦርኬስትራዎችና የሆቴል ባንዶች የሚፎካከሩባት ከተማ ነበረች። ያን ሁሉ ሙዚቃ በሸክላ የሚያትም ግን አልነበረም።

በሩን የሰበረው አምሃ እሸቴ የሚባል በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የነበረ ወጣት ነው። ሙዚቃ ቤት ነበረው። የውጭ አገር ሸክላ ይሸጥ ነበርና ደንበኛው የራሱንም ሙዚቃ ሊገዛ እንደሚችል ገባው። በ1969 «አምሃ ሬከርድስ»ን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ወደ ሕንድ ልኮ አሳተመ። ድንጋጌውን እንደጣሰ ያውቃል፤ ቢበዛ መታሰር ነው ብሎ ነበር የገባበት። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቅ አልበሞችን አወጣ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው የኢትዮጵያ ሙዚቃ» የሚለው ዘመን ከሞላ ጎደል በዚህ ሰውና እሱን ተከትለው በገቡት፣ እንደ ካይፋው ባለቤት እንደ ዓሊ አብደላ ባሉ ጥቂት ነጋዴዎች ድፍረት የተቀረጸ ነው። ሕግ አልጠበቃቸውም፤ ተቋም አልደገፋቸውም። በኪሳቸው ተማምነው፣ በጆሯቸው መርጠው ነው የሠሩት።

በ1975 ምን ሆነ? በሲድኒ ደብል ጄ ሲከፈት፣ በአዲስ አበባ አምሃ እሸቴ ማተሚያውን ዘግቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። አንዱ አገር ለማይታወቅ ድምፅ ጣቢያ በከፈተበት ዓመት ሌላው አገር ያንኑ ሥራ ብቻውን ይሠራ የነበረውን ሰው አጣ።

ከዚያ የሆነውን በዕድሜ የገፋው አንባቢ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሰዓት እላፊ መጣ፤ የከተማይቱ ሌሊት ተዘጋ። ባንዶች በትልልቅ ሆቴሎች ተሰበሰቡ። ዋልያስ በሂልተን፣ ሮሃ በግዮን ይጫወቱ ነበር። ሸክላውን ካሴት ተካው። ካሴት በርካሽ ይባዛል፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ ክፍለ ሀገር ይደርሳል። ባለሙዚቃ ቤቱ ድምፃዊውን ይመርጣል፣ ለባንዱ ይከፍላል፣ ቅጂውን ያባዛል፣ ከዚያም ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ለአላፊ አግዳሚው ያሰማል። አዲስ ዘፈን እንደወጣ የምናውቀው በእግራችን ስናልፍ ነበር። እነ አምባሰልና ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤቶች ለእኛ ሬድዮ ጣቢያም፣ አሳታሚም፣ መራጭም ነበሩ። አንድ ዘፈን ሳይወደው የሰማ፣ በሦስተኛው ቀን ወድዶት የገዛ ስንት ሰው አለ!

ሸክላዎቹን ደግሞ ሌላ ሰው ቆፈራቸው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በ1980ዎቹ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ሸክላ ወዳጁ አምጥቶለት ሰምቶ አገራችን ድረስ መጣ። በ1986 ያ ሥራ በአውሮፓ ታተመ። በ1997 ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ጀመረ፤ ዛሬ ከ30 የማያንስ ቅጽ ደርሷል። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ነው። ያ ቅጽ በዓለም ዙሪያ ስንት ወጣት ሙዚቀኛን ወደ እኛ ቅኝት እንደሳበ ቆጥሮ የሚጨርስ ያለ አይመስለኝም።

አውስትራሊያም ከተሳቡት አገሮች አንዷ ናት። በሜልቦርን «ብላክ ጂሰስ ኤክስፒሪየንስ» የተባለ ባንድ አለ። ኢትዮጵያዊት ድምፃዊት፣ አውስትራሊያዊ ራፐርና የጃዝ ነፊዎች በአንድ መድረክ የሚቆሙበት ነው። ሙላቱ ከዚህ ባንድ ጋር ሁለት አልበም ሠርቷል፤ አንዱ በ2016፣ ሁለተኛው በ2020 ወጡ። በሲድኒ ደግሞ ደረብ ደሳለኝ የተባለ ማሲንቆ ተጫዋች ከአውስትራሊያውያን ሙዚቀኞች ጋር ባንድ መሥርቶ ማሲንቆን ከሳክስፎን ጋር አናገረ። የሜልቦርኑን ፉትስክሬይ ሰፈር ያየ ሰው የእንጀራና የቡና ቤቶቻችን እንዴት እንደተደረደሩ ይነግርሃል። እንግዲህ ዛሬ «አዲስ የአውስትራሊያ ሙዚቃ» ተብሎ ከሚቀርበው ውስጥ ጥቂቱ በአማርኛ የሚዘፈን፣ በትዝታና በአንቺ ሆዬ የሚቃኝ ነው። ዛፉን ሰጡን፤ ዜማውን ወሰዱ። ኪሳራ አይደለም፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው።

ከንካኙ ሌላው ነው። የኃይሉን ካሴት ያገኘው አሜሪካዊ ነው፤ ሸክላዎቹን የሰበሰበው ፈረንሳዊ ነው። በሁለቱም ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቆፋሪ የሚመሰገነው በቁፋሮው ነው። ጥያቄዬ ወደ እኛ ነው። ካሴቱ የጠፋ ዕቃ አልነበረም። ዋጋው ተቆርጦለት፣ አማርኛ ተጽፎበት፣ ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት በሆነ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወደ 30 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አላነሣነውም። ካሴቱን የሚጠቁም ሬድዮ፣ የሚያስቀምጥ ቤተ መዛግብት፣ «ይህን ሰማችሁ?» የሚል ሰው በመካከል አልነበረም።

ዛሬ ነገሩ የተፈታ ይመስላል። በሰፈሬ በየቀኑ በማልፍበት መንገድ ካሴት የሚሸጥ ቤት አላውቅም፤ ግን ሁሉም ሰው በኪሱ ሙዚቃ ቤት ይዞ ይሄዳል። የ14 ዓመቱ የጎረቤቴ ልጅ ከደረጃው ላይ ተቀምጦ የብራዚልን፣ የናይጄሪያንና የኮሪያን ዘፈን በአንድ ከሰዓት ያዳርሳል። ስልኩ ግን አንድ ዐመል አለው፤ ትናንት የወደድከውን የሚመስል ነገር ነው ዛሬ የሚያቀርብልህ። ባለሙዚቃ ቤቱ ያልፈለግኸውን ዘፈን በር ላይ በግድ ያሰማህ ነበር። ስልኩ እንዲህ ያለ ድፍረት የለውም፤ ደንበኛውን ማስቀየም ይፈራል።

ሕጉም ቢሆን ተሻሽሏል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። የኤፍ ኤም ጣቢያዎችም በርክተዋል። የ1948ቱ ብቸኛ በር ጠባቂ ዛሬ የለም። ነገር ግን በር ጠባቂ መጥፋቱ ብቻውን እንግዳ አያስገባም፤ «ግቡ» የሚል ባለቤትም ያስፈልጋል። ከደብረ ብርሃን፣ ከጂማ ወይም ከጎንደር አንድ ልጅ ማንም የማያውቀውን ቅጂ ቢልክ፣ ተቀብሎ፣ ሰምቶ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ለእንደዚህ ዓይነቱ ብቻ ሰጥቶ የሚያሰማ ጣቢያ ቢኖር ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? አውስትራሊያውያን በ1942 የጀመሩት ከ100 ደቂቃ በ2 ደቂቃ ተኩል ነው።

ኃይሉ መርጊያ የተወለደው ደብረ ብርሃን ነው፤ ዝነኛ የሆነው በአዲስ አበባ ነው፤ የተቀረጸው በዋሽንግተን ነው፤ ካሴቱ የተገኘው በባሕር ዳር ነው፤ በኋላ ያጀቡትም አውስትራሊያውያን ናቸው። እኔም አንድ አህጉር ሙሉ ሙዚቃ ያወቅሁት ከእሱ ኋላ የተቀመጠውን ከበሮ መቺ ማንነት ስጠይቅ ነው። አንባቢዬም ክፍለ ሀገር ሲወጣ አንድ አቧራ የጠጣ የካሴት መደርደሪያ ቢያጋጥመው ዝም ብሎ አይለፍ። የማያውቀውን ስም ያንሣ።